የተተወን ሙያ መልሶ ስለ ማንሣት

ሰው በልጅነቱ የጀመራቸውን ነገሮች ሁሉ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ይዞ አይዘልቅም። አንዱ ሥዕል ይሥላል፤ ሌላው መሰንቆ ይመታል፤ ሦስተኛው ደግሞ የተበላሸ ራዲዮ ፈታትቶ መልሶ ይገጥማል። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ይከብዳል፤ ሥራ ይመጣል፤ ትዳር ይከተላል፤ ያ የተወደደ ነገርም በሣጥን ተከቶ አቧራ ይለብሳል። ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ ይህ ሰው አንድ ቀን ሣጥኑን ከፍቶ፣ «ብመለስበትስ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ብለን እንመልስለት? «ጊዜው አልፎብሃል፤ ተወው» እንበለውን? በእኔ አስተያየት መልሱ «ተመለስ» የሚል መሆን ይገባዋል። ነገር ግን መመለስ ማለት ካቆሙበት ቦታ መቀጠል ማለት እንዳልሆነም አብረን ልንነግረው ይገባል። ይህን አሳቤን በአማተር ራዲዮ ምሳሌነት ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ አማተር ራዲዮ ምን እንደ ሆነ መግለጥ ያስፈልጋል። የራዲዮ አማተር የሚባለው ለገንዘብ ሳይሆን ለዕውቀትና ለደስታ ሲል፣ ከመንግሥት ፈቃድ ተቀብሎ፣ በራሱ ማስተላለፊያና መቀበያ ከመሰሎቹ ጋር በአየር ሞገድ የሚገናኝ ሰው ነው። ፈቃዱን የሚያገኘው ስለ ኤሌክትሪክ፣ ስለ ራዲዮ ሞገድና ስለ ሕጉ ተፈትኖ ሲያልፍ ነው። ሲያልፍም የእርሱ ብቻ የሆነ የጥሪ ምልክት ይሰጠዋል። የምልክቱ መነሻ አገሩን ያመለክታል፤ ለምሳሌ «ኢ.ቲ.» በሚሉት ፊደላት የሚጀምር ጥሪ ከኢትዮጵያ የሚነሣ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ሲሠራ የቆየው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ «ኢ.ቲ.3 ኤ.ኤ.» በሚል ጥሪ ይታወቃል። አማተር በሞገዱ ሊነግድበት አይችልም፤ የሚለውንም ነገር ከሌላው ለመሰወር በምሥጢር ቋንቋ መናገር አይፈቀድለትም። ንግግሩ በአደባባይ እንደሚደረግ ንግግር ነው፤ መስማት የፈለገ ሁሉ ይሰማዋል።

«ታዲያ ይህ የሥራ ፈቶች ጨዋታ አይደለምን?» የሚል ቢኖር ታሪኩን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1912 የወጣው የአሜሪካ የራዲዮ ሕግ አማተሮችን ከረጅሙ ሞገድ አስወጥቶ፣ ከ200 ሜትር በማይበልጠው ሞገድ ብቻ እንዲወሰኑ አደረጋቸው። ያ ሞገድ በዚያን ጊዜ እምብዛም አይጠቅምም ተብሎ የሚታሰብ ነበር። አማተሮቹ ግን ጠፍ ነው ተብሎ የተሰጣቸውን መሬት አርሰው ፍሬ አፈሩበት። በዲሴምበር 1921 አንድ አሜሪካዊ አማተር ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ፣ በአርድሮሳን ከተማ አጠገብ አንቴናውን ዘርግቶ ሲያዳምጥ፣ በአሜሪካ ከኮነቲከት ግዛት አማተሮች የላኩት ምልክት የአትላንቲክን ውቅያኖስ አቋርጦ ደረሰው። በኖቬምበር 1923 ደግሞ ሊዮን ደሎይ የተባለ የኒስ ከተማ ፈረንሳዊ አማተር፣ 110 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ሞገድ ከአሜሪካውያን አማተሮች ጋር ወዲያና ወዲህ መልእክት ተለዋወጠ። ከዚህም በኋላ መንግሥታትና ታላላቅ ኩባንያዎች ሳይቀሩ ፊታቸውን ወደ አጭሩ ሞገድ መለሱ። እንግዲህ ለደስታ ብቻ የተያዘ ሥራ ዓለምን ሊጠቅም እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንግባ። አንድ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970 የ15 ዓመት ልጅ ሳለ የጀማሪ ፈቃድ አወጣ እንበል። በዚያ ዘመን ጀማሪው የሞርስን ምልክት በደቂቃ 5 ቃል ፍጥነት መላክና መቀበል ይጠበቅበት ነበር፤ የማስተላለፊያውም ኀይል ከ75 ዋት እንዳያልፍ ሕጉ ወስኖበት ነበር። ወደ ቀጣዩ አጠቃላይ ደረጃ ለመድረስ ደግሞ ፍጥነቱን በደቂቃ ወደ 13 ቃል ማሳደግ ነበረበት። ልጁ ቤተሰቡ ሲተኛ የጆሮ ማዳመጫውን አጥልቆ፣ ፊታቸውን ዓይቶ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር በነጥብና በሰረዝ ይነጋገር ጀመር። የተነጋገራቸውም ሰዎች የማረጋገጫ ካርድ በፖስታ ይልኩለታል፤ እርሱም ካርዶቹን በግድግዳው ላይ ይደረድራል። በሁለተኛው ዓመት የ13ቱን ቃል ፈተና አለፈ። ኋላ ግን ኮሌጅ ገባ፤ ሥራ ያዘ፤ ልጆች ወለደ፤ የፈቃዱም ጊዜ ሳይታደስ አለፈ። ዛሬ ጡረታ ወጥቶ ካርዶቹን ከሣጥን ሲያወጣ፣ ጣቱ ሳያስበው በጠረጴዛው ላይ የቀድሞ የጥሪ ምልክቱን ይመታል። አእምሮው የረሳውን ጣቱ አልረሳውም።

ይህ ሰው ሲመለስ ብዙ ነገር ተለውጦ ይጠብቀዋል። እርሱ ልጅ ሳለ ከ30 ሜጋ ኸርዝ በታች በሆነው ሞገድ ለመሥራት የሞርስ ፈተና በዓለም አቀፍ ደንብ ግዴታ ነበር፤ ይህ ግዴታ እ.ኤ.አ. በ2003 በጄኔቭ በተደረገው ጉባኤ ቀረ። አሜሪካም በ2007 ፈተናውን ፈጽሞ ሰረዘችው። ፈተናውን የሚሰጡት ዛሬ የመንግሥት ሹማምንት ሳይሆኑ ፈቃደኛ አማተሮች ናቸው። ከ2014 ወዲህ ደግሞ የአሜሪካ ሕግ ለተመላሹ በሩን ከፈት አድርጎለታል፤ ይኸውም ቀድሞ በአጠቃላዩ ወይም ከዚያ በላይ በሆነው ደረጃ የነበረ ሰው ፈቃዱ ቢያልፍበትም፣ የመጀመሪያውን ደረጃ የጽሑፍ ፈተና ብቻ እንደገና ካለፈ የቀድሞው ደረጃ ይመለስለታል። ይህም ፈተና 35 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን፣ 26ቱን የመለሰ ያልፋል።

መሣሪያውና አሠራሩም ተለውጧል። ቀድሞ በጆሮ ብቻ ይፈለግ የነበረው ምልክት አሁን በኮምፒዩተር መስታዋት ላይ እንደ ፏፏቴ ሲወርድ በዓይን ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ኤፍ.ቲ.8 የተባለ የአሠራር ዘዴ ወጣ። ከፈጠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተሰጠው ጆሴፍ ቴይለር ነው። በዚህ ዘዴ ኮምፒዩተሮች በየ15 ሴኮንዱ እየተፈራረቁ አጫጭር መልእክት ይለዋወጣሉ፤ ጆሮ ከጫጫታው ለይቶ ሊሰማው የማይችለውን እጅግ ደካማ ምልክት እንኳ ለይተው ያነብባሉ። ከዚህም ሌላ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 ወደ ጠፈር የተላከው የቀጠር ሳተላይት የአማተሮችን መልእክት ተቀብሎ የሚመልስ መሣሪያ ተሸክሟል። ሳተላይቱ በአፍሪካ ሰማይ ላይ ከምድር ወገብ በላይ የቆመ ስለ ሆነ፣ ከብራዚል እስከ ታይላንድ ያሉ አማተሮች በእርሱ አማካይነት ሊገናኙ ይችላሉ፤ አገራችንም በዚሁ ክልል ውስጥ ትገኛለች።

ይሁን እንጂ ያልተለወጠውን ነገር መዘንጋት አይገባም። የራዲዮ ሞገድ ዛሬም በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ የ14 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ ርዝመት ዛሬም 21 ሜትር ያህል ነው፤ ለዚህ ሞገድ የሚሠራ ቀላል አንቴናም ዛሬም የዚያ እኩሌታ፣ ማለትም 10 ሜትር ያህል ሽቦ ነው። በከፍተኛው አየር ውስጥ ያለው አዮኖስፌር የተባለው ክፍል ዛሬም ሞገዱን ወደ ምድር ይመልሰዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ረጅም ርዝመት ያላቸውን ሞገዶች ቀን ቀን የሚውጠው የታችኛው ንብርብር ስለሚጠፋ፣ በቀን በቅርብ ብቻ የሚሰማው ድምፅ በሌሊት ከሩቅ አገር ይሰማል። ልጁ በ1970 ያወቀው ይህ ሕግ ለሽማግሌው አልተሻረም። ያወቀው ነገር መሠረቱን የሚመለከት ከሆነ፣ ዕውቀቱ በሣጥን ውስጥ ከርሞም አይሻግትም።

እዚህ ላይ ተመላሹን የሚያታልለው አንድ ነገር አለ። በፀሐይ ገጽ ላይ የሚታዩት ጥቋቁር ነቁጦች በ11 ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ይበዛሉ፤ አንድ ጊዜም ይመነምናሉ። ሲበዙ አጭሩ ሞገድ በጥቂት ኀይል ወደ ሩቅ አገር ይደርሳል፤ ሲመነምኑ ግን በርካታው ክፍል ዝም ይላል። እንግዲህ አንድ ሰው ነቁጦቹ በበዙበት ዘመን ትቶ እንደ 2009 ወይም እንደ 2019 ባለው የመመንመኛ ዘመን ቢመለስ፣ ራዲዮውን ከፍቶ ባዶ ሹክሹክታ ብቻ ይሰማል። ወዲያውም «ሰዉ ሁሉ ትቶታል፤ ነገሩ ሞቷል» ይላል። ዳሩ ግን የሞተ ነገር የለም፤ የተለወጠው የፀሐይዋ ወራት ነው። ደግሞም በዛሬው ቤት ውስጥ ያሉት የስልክ መሙያዎችና አንዳንድ አምፖሎች ጫጫታ እየፈጠሩ ደካማውን ድምፅ ይሸፍኑታል። አስተዋይ ተመላሽ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ እያጠፋ ጫጫታው ከየት እንደሚመጣ ይመረምራል፤ ያላስተዋለው ግን ጥፋቱን በዓለም ላይ ይጭናል። የተዋችሁት ነገር ሁሉ ስትመለሱ ዝም ቢላችሁ፣ «ሞቷል» ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ጊዜውንና የራሳችሁን ቤት መርምሩ።

ተመላሽ የሚወድቅባቸው ስሕተቶች በእኔ አስተያየት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው በቀድሞው ዘመን መመካት ነው። «እኛ በደቂቃ 13 ቃል እየቆጠርን ያገኘነውን ፈቃድ እነዚህ ልጆች በቀላሉ ወሰዱት፤ ኮምፒዩተር ከኮምፒዩተር ሲነጋገርስ ሰው ምን ሠራ?» የሚል ሰው አይታጣም። በዚህ ቅሬታ ውስጥ ጥቂት እውነት አለ፤ በ15 ሴኮንድ መልእክት የሰውን ጠባይና ወሬ ማወቅ አይቻልምና። ቢሆንም «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን ተረት እዚህ ላይ መጥቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ዛሬ ለተመላሹ አዲሱን ዘዴ የሚያስተምረው ልጁ ነውና። እኔ የሞርስ ፈተና መቅረቱ ትክክል ነበር እላለሁ። ፈተናው ከቀረ በኋላም ሞርስን በገዛ ፈቃዳቸው ደክመው የሚማሩ ሰዎች አሉ። በግዴታ ከተማሩት ሺህ ሰዎች ይልቅ ወደው የተማሩት መቶዎቹ ሙያውን የበለጠ ይጠብቁታል። ሽማግሌው የሞርስ ዕውቀቱን እንደ ትምክሕት ሳይሆን እንደ ስጦታ ይዞ ቢመጣ፣ ልጁም የኮምፒዩተር ዕውቀቱን ቢያካፍለው፣ ሁለቱም ያተርፋሉ።

ሁለተኛው ስሕተት ያለፈውን ጊዜ በገንዘብ ለመግዛት መሞከር ነው። በልጅነቱ ያላገኘውን ውድ መሣሪያ አሁን ገንዘብ ስላለው ብቻ የሚሰበስብ ሰው ብዙ ነው። መሣሪያው ይመጣል፤ ጠረጴዛው ይሞላል፤ ነገር ግን ምን እንደሚሰማና መቼ እንደሚናገር ስላልተማረ ከጥቂት ወራት በኋላ ሁሉንም ይተዋል። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። በአማተሮች ዘንድ የቆየ አንድ መልካም ልማድ አለ፤ ይኸውም ማስተላለፊያውን ከመንካት በፊት ማዳመጥ ነው። በሞገዱ ላይ ሌላ ሰው ካለ ንግግሩ ይበላሻልና፣ አማተር አስቀድሞ ያዳምጣል፤ ቀጥሎ «ሞገዱ ተይዟልን?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ሲያጣ ብቻ ይጣራል። ተመላሹም ይህንኑ ሥርዓት ለሙያው በሙሉ ቢያውለው ይበጀዋል፤ ጥቂት ሳምንታት ያዳምጥ፤ የማይገባውን ይጠይቅ፤ ከዚያ በኋላ ይናገር።

አሁን ደግሞ እናንተ ራሳችሁ ልታነሡት ወደምትችሉት ጥያቄ ልምጣ። «በእጃችን ባለው ስልክ ከዓለም ዳርቻ ካለ ሰው ጋር ወዲያው እንነጋገራለን፤ ታዲያ በሽቦና በጫጫታ መድከም ለምን አስፈለገ?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ብዙዎች ለዚህ የሚሰጡት መልስ ስለ አደጋ ጊዜ ነው፤ እርሱም እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2004 የህንድ ውቅያኖስ ማዕበል የአንዳማንና የኒኮባር ደሴቶችን በመታ ጊዜ፣ ለአማተር ሥራ ወደዚያ የሄዱ ህንዳውያን ራዲዮአቸውን ለእርዳታ ሥራና የዘመዶችን ደኅንነት ለማሳወቅ አዋሉት። እ.ኤ.አ. በ2017 ማሪያ የተባለችው ዐውሎ ነፋስ የፖርቶ ሪኮን የስልክና የመብራት መሥመር ባወደመች ጊዜም የአሜሪካ ቀይ መስቀል 50 የራዲዮ አማተሮች እንዲሰጡት ጠይቆ ነበር።

ነገር ግን ዋናው ምክንያት ይህ ነው ብላችሁ አታስቡ። በስልክ ስንነጋገር መንገዱን የሠሩልንና የሚጠብቁልን ሌሎች ናቸው፤ እኛ ቁጥር ከመንካት በቀር የምናውቀው የለም። አማተር ግን መንገዱን ራሱ ይሠራል። ሽቦውን ለክቶ ይቈርጣል፤ የሰማዩን ጠባይ ያጠናል፤ ሰዓቱን ይመርጣል፤ ከዚያም ጥቂት ዋት ይዞ ወደ ማያውቀው ሰው ይጣራል። መልስ ሲመጣ የሚሰማው ደስታ በእግሩ ተራራ ወጥቶ ከጫፍ የደረሰ ሰው ደስታ ነው። በመኪና ወደዚያው ጫፍ የወጣ ሰው ያንኑ አገር ያያል፤ ደስታው ግን አንድ አይሆንም። እንግዲህ «ሌላ ቀላል መንገድ አለ» የሚለው ክርክር ለነጋዴ እንጂ ለአማተር መልስ አይሆንም። በአገራችንም ሆነ በሌላ አገር ያለ ፈቃድ ማሠራጨት ክልክል መሆኑን ግን አስታውሱ፤ መንገዱ የሚጀምረው ከማዳመጥና ከመማር ነው።

ከሁለቱ ስሕተቶች ይልቅ ሰውን ከመመለስ የሚከለክለው ግን ኀፍረት ነው። ቀድሞ አዋቂ የነበረ ሰው ዛሬ ከልጆች እኩል ተቀምጦ ፈተና ሲፈተን፣ የመጀመሪያውን ጥሪ እየተንተባተበ ሲልክ፣ ሰው የሚታዘበው ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር ግን በሌላው ጫፍ ያለው ሰው የሚሰማው ጥሪውን ብቻ ነው፤ ዓመታቱን አይቈጥርም። የሚላክልህ ምልክት ፈጣን መሆኑን ካየህ ቀስ እንዲልልህ መጠየቅ በአማተሮች ዘንድ ነውር አይደለም፤ ለዚሁ የተወሰነ አጭር ምልክት እንኳ አለ። ቀስ እንዲሉልን መጠየቅ የምንችልበት ቦታ ሁሉ መመለስ የሚቻልበት ቦታ ነው።

እናንተ ገና በትምህርት ላይ ስላላችሁ ይህ ምክር ለሽማግሌዎች ብቻ የተጻፈ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ብዙዎቻችሁ ፈተና ስለ ቀረበ፣ ቤተሰብም ስላዘዘ የምትወዱትን ነገር በዚህ ዓመት ወይም በሚቀጥለው ትተዋላችሁ። መተዋችሁን አልነቅፍም፤ ለሁሉም ጊዜ አለው። ስትተዉ ግን በደንብ ተዉ። አማተሮች ለእያንዳንዱ ግንኙነት ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ሞገዱንና የሰውየውን የጥሪ ምልክት የሚጽፉበት መዝገብ አላቸው። እናንተም መሰንቆውን ከመስቀላችሁ፣ የሥዕሉን ደብተር ከመዝጋታችሁ በፊት እስከ የት እንደ ደረሳችሁና ምን እንደ ከበዳችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ። መሣሪያውን አትሽጡት፤ ያስተማራችሁን ሰው አትርሱት፤ «ልጅነት ነበር» ብላችሁም አትሳቁበት። በራሱ ሙያ የሳቀ ሰው መመለሻውን መንገድ በገዛ እጁ ያጥራልና።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያንን ገጽ ስትከፍቱ ጽሑፉ የልጅ እጅ ጽሑፍ ይሆናል። አትፈሩ፤ አንብቡት። ከዚያም በመጀመሪያ አዳምጡ፤ ቀጥሎ ጠይቁ፤ በመጨረሻም ተጣሩ። መልስ የሚሰጥ ሰው አይታጣም።